የሰይድ ሳይክል ሽምግልና

ወላሂ በሰው ጉዳይ መግባት አልወድም፤ አጥራችን ግን ቀዳዳ አለው። ጎረቤቴ ሰይድ የሳይክሉ ብረት ከመቀመጫው ሥር ተሰንጥቆበት፣ በጨርቅ ጠፍሮ ከደሴ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን ይወርድበታል። ሚስቱ ዘይነባ "ሳታስበይደው አትነዳውም! ልጆችህን ለማን ልትተው ነው?" ብትለው፣ "እሳት የነካው ብረት ጉልበት የለውም" አላት። ተኳረፉና ሽማግሌ ተጠራ።

ሸህ ይመር ሁለቱንም አዳምጠው ሲያበቁ "እስቲ እኔው ልሞክረው" ብለው ወጡበት። ገና ከደጃፉ ሳይርቁ ሳይክሉ ለሁለት ተገመሰ። እኔ ሳቄን በሻርፔ አፍኜ፣ ተሯሩጠን አነሳናቸው። መቼም ሽማግሌ አንዱን ብቻ ደስ አሰኝቶ አይሄድም፤ አቧራቸውን እንኳ ሳያራግፉ "በሉ ታረቁ" አሉ፤ "የኋላውን እሷ ታስበይደው፤ የፊቱን አንተ ንዳው።"