ከአዝራር ጣሳው የጎደለው

እስቲ በርጩማው ላይ ውጪልኝ መምህርት፣ ጫፉን በስፒል ልያዝልሽ። ቀጥ በይ... ተንፍሺ እንጂ! ሆድ መሳብ የለም፤ ቀሚስ የሚለበሰው እየተተነፈሰ ነው። ተማሪዎችሽ እንዴት ናቸው? ፈተና ደረሰ አይደል? አይዞሽ፣ ያልፋል። ሁሉም ያልፋል፤ አንዳንዱ ብቻ አሥራ አንድ ዓመት ይፈጃል።

ፊትሽ ወዛ አልሽኝ? ተመስገን ነው። አዎ፣ ያንን የድብርት ኪኒን ተውኩት። አሥራ አንድ ዓመት የዋጥኩትን፣ ሐኪሜ እየተከታተለችኝ፣ በአሥራ አራት ወር ቀስ እያልኩ ቀነስኩት። በምን መሰለሽ? በምላጭ! የልብስ ሰፊ እጅ ለካ ለዚህም ይሆናል። ግማሽ፣ ከዚያ ሩብ፣ ከዚያ የሩብ ግማሽ... እዚህ ጠረጴዛ ላይ እቆርጥና እዚያች የአዝራር ጣሳ ውስጥ እከታለሁ። ቀላል ነበር አልልሽም። ጭንቅላቴ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደነካው ሰው ብልጭ ይልብኛል፣ ወለሉ ይዞርብኛል። አንድ ቀን ኮሌታ ገልብጬ ሰፍቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ለቅሶው ግን ጣፈጠኝ። ስንት ዓመት ዕንባ የሚባል አልመጣልኝም ነበርኮ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። እንቁላሉ መሄድ ሲጀምር ቅርጫቱን እንደሚከፋው ግን ማን ነገረኝ?

ኧረ ማንንም አላልኩም! አንዲት ደግ ሰው ትዝ ብላኝ ነው። ስም አልጠራም። ስም መጥራት ነውር ነው፤ በተለይ ባለስሟ እዚሁ ቅርብ ቆማ ጨርቅ የምትቆርጥ ከሆነ... ከእናቴ ሆድ ቀድማኝ የወጣች ሰው በያት፣ ይበቃል። እንዴት ያለች አሳቢ መሰለችሽ! እውነቱን ልንገርሽ፣ ያኔ ከአልጋ መነሳት ሲያቅተኝ ፀጉሬን ያጠበችኝ እሷ ናት። በማንኪያ አጉርሳኛለች። ይሄን ብክድ እግዜር ይፍረድብኝ። እወዳታለሁ መምህርት፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ብቻ ስታመም የተመቸኋትን ያህል ስድን አልተመቸኋትም። ጥፋቱ የኔው ነው። አሥራ አንድ ዓመት "እሺ" ሲል የኖረ ሰው ድንገት ተነስቶ "ለምን?" ሲል ምን የሚሉት ብልግና ነው? ሁለት ሆነን የከፈትነው ሱቅ፣ ታፔላው ላይ ለምን የአንድ ሰው ስም ብቻ ተጻፈ አልኩ። ጠየቅኩ እንጂ አልተጣላሁም። ዝምታ ወርቅ ነው አይደል የሚባለው? እኔ ዝም ስል ወርቁን ሌላ ሰው አጠለቀው፤ ምን ይደረግ፣ ያምርባታል። "ይሄ እጅጌ ተዛብቷል" ስላት እጅጌውን አታይም፣ ፊቴን ነው የምታየው። "ኪኒንሽን ወስደሻል?" ትለኛለች፣ በዚያ በለስላሳ ድምፅዋ። እጅጌው ግን ተዛብቶ ነበር። ይሄው አሁን የለበስሽው ነው፤ ፈትቼ እንደገና የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ወደ ግራ ዞር በይልኝ... እንደሱ።

ታዲያ ካቆምኩ በኋላ ስቀንስ የተረፈው ሃያ ስድስት ግማሽ ግማሽ ኪኒን ጣሳው ውስጥ ቀርቶ ነበር። ለምን እንዳልጣልኩት እንጃ። አሥራ አንድ ዓመት አብሮሽ የኖረ ነገር ቶሎ አይጣልም። አንድ ቀን ብከፍተው ሃያ ሁለት ሆኗል። በሳምንቱ አሥራ ስድስት። አይጥ ነው እንዳልል፣ አይጥ ከአዝራር መሃል ኪኒን ለቅማ ትበላለች? የአራት ሰዓት ሻዬ ደግሞ መረር ብሎኛል፤ ዕንባዬም ተመልሶ ደርቋል። ሻይ የምታፈላልኝ ማን ናት አልሽኝ? ያቺው ደግ ሰው ናታ! በእጇ ታፈላለች፣ በእጇ ታማስላለች፣ ጭልጥ አድርጌ እስክጨርስ ቆማ ታየኛለች። አንቺን ባልሽ እንዲህ ወዶሽ ያውቃል?

መቀሱ ቆመ እንዴ? ጨርቁ ወፍሮባት ይሆናል...

ምን አደረግሽ በይኛ! ምንም። ብጮህማ "አየሽ፣ ተመልሶ መጣባት" ሊባል አይደል? ለሐኪሜ ብቻ ነገርኳት። ከዚያ ኪኒኑን ከጣሳው አወጣሁና፣ ይሄን በልብስ ላይ የምናሰምርበትን ነጭ ጠመኔ በዚያው በምላጭ፣ በዚያው ልክ ቆርጬ ተካሁበት። ጠርዙን እንኳ ሳይቀር አሳመርኩት፤ ሙያ መቼም አይደበቅም። ይኸው አሥር ቀን ሙሉ ጠመኔ በስኳር ስጠጣ ከረምኩ።

ትናንት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ደንበኛ ፊት ትከሻዬን አቀፈችና፣ "ሰሞኑን እንዴት ሰላም ሆነሻል! ድሮ የማውቅሽ ልጅ ተመለስሽልኝ" አለችኝ። እሷስ መች ዋሸች? ሰላም ሆኛለሁ። ከስንት ጊዜ ወዲህ እንዲህ ልቤ ጥርት ብሎ አያውቅም። ግን ያን ሁሉ ዓመት ሰላምሽ የኪኒኑ ነው ተባልኩ፣ አሁን ደግሞ የጠመኔ ሊሆን ነው? የኔ የሚሆነው መቼ ነው ታዲያ? ሳቄን አፍኜ ጓሮ ወጣሁና፣ እዚያ ደርሼ አለቀስኩ። አዎ፣ ዕንባዬ መጥቷል።

ጨረስን፣ ውረጂ። ወደ መስታወቱ ጠጋ በይ... አቤት ሲያምርብሽ! ሻይ ይምጣልሽ? ምነው፣ ሁለት እጅሽን ማወዛወዝሽ?

እኔ እንደሆንኩ ክፉ አልመኝላትም። እግዜር ዕድሜዋን ያርዝምልኝ። ብድሯን ሳልመልስ አይግደለኝ። እጇ ሲንቀጠቀጥ፣ ጉልበቷ ሲደክም፣ "ምን አደረጋችሁብኝ" ብላ ብትጮህ "እርጅና ነው" የሚሏት ቀን ሲመጣ ብቻዋን አይተዋት፤ እኔን ከአጠገቧ አይለየኝ። ሻይዋን በእጄ አፈላላታለሁ፣ በእጄ አማስልላታለሁ፣ ጭልጥ አድርጋ እስክትጨርስም... ቆሜ አያታለሁ። አሜን በይልኝ እንጂ፣ መምህርት።