ኮራሉ ላይ የታረቅን ቀን
አሌክሳንድሪያ ውስጥ ቀን ከሌት ታክሲ የሚነዳው ባለቤቴ፣ ስንት ዓመት ለምኜው ክሩዝ፣ የመርከብ ሽርሽር፣ ብንወጣ መጀመሪያ ሁለት ቀን ሙሉ ተኛ። ራት ብቻዬን በላሁ፤ ተቀየምኩት። በሦስተኛው ቀን ከባሕር ሥር የሚበቅለውን ኮራል ሪፍ ለማየት በጀልባ የሚሄዱ ሰዎች ሲሰበሰቡ፣ ሳልቀሰቅሰው ወጣሁ። ጀልባዋ ልትነሳ ስትል ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ እየሮጠ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞርኩ።

የሚያንሳፍፍ ላይፍ ጃኬት፣ የዋና መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድርገን ባሕሩ ውስጥ ገባን። ፊቴን ውሃው ውስጥ ስነክር ኮራሉ የአበባ ማሳ መስሎ ከሥሬ ተዘርግቷል፤ ቢጫና ሰማያዊ ዓሣ ይርመሰመስበታል። ኩርፊያዬን ረስቼ ላሳየው ዞር ስል፣ እሱ እቴ! እጄን ጭምቅ አድርጎ ይዞ፣ ዓይኑን አፍጥጦ የሚያየው እኔን ነው። ቀና አልንና፦

«ምነው?» አልኩት።

«ዋና እኮ አልችልም።»

«ታዲያ ምን አስገባህ?»

«ብቻሽን ልተውሽ እንዴ?»

ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። «በል እጄን ሳትለቅ ፊትህን ንከርና እይ» አልኩት። አየ። ከዚያማ ማን ያስቁመው! መተንፈሻ ቱቦውን እንደነከሰ፣ ጣቱን እየቀሰረ ያወራልኝ ጀመር። አንዲት ቃል አልገባችኝም፤ እኔም ጀልባዋ እስክትጠራን ድረስ ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማሁት።