በማር ጀሪካን የመጣ ቤንዚን

እንዴት ሰነበቱ፣ የኔታ? እግርዎስ ተሻለዎት? ይቀመጡ፣ እዚህ መደቡ ላይ ጥላ አለ። ጠላው ለጋ ነው፣ አይከብድዎትም። ተማሪዎችዎ ደህና ናቸው? የዘንድሮ ኅዳር ብርዱ ለጉድ ነው መቼም… ጮክ ብዬ የማወራው ለጆሮዎ ብዬ ነው። ምን? በደንብ ይሰማዎታል? አይ የኔታ ወልደ ኢየሱስ፣ ዜማ የሚያስተምር ጆሮ መጠንቀቅ አለበት። ደግሞ ግቢው ሰፊ ስለሆነ ድምፅ ይበተናል… እዚያ አጥሩ ጋ ድረስ።

አዎ፣ የባለቤቴ የጸሐዩ ላንድሮቨር ናት፣ ነፍሱን ይማረው። ኮፈኗ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ ጀርባው ብቻ የሚታየውን ሰው አወቁት? እንዴት ያጡታል? ባለፈው ጥር ሽማግሌ ሆነው እዚሁ ቆመው፣ «ጨዋ ነው፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ከወደ ደብረ ታቦር ተመድቦ የመጣ ነው፣ ለልጅሽ ለምስራቅ የሚሆን ነው» ብለው የመሰከሩለት አይደለም? ያኔ ፊቱን ነበር ያሳዩኝ። ጀርባውን የለመድኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ሥራ ላይ ያለን ሰው በስሙ መጥራት ያዘናጋዋል።

ደግሞ ላማው አይደለም። እኔ ሰው አማሁ? ሰው ሲመሰገን ደስ ይለኛል እንጂ።

ጸሐዩ ሲነዳት ትስል እንደነበር ያስታውሳሉ? የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ስትጀምር እንደ ሽማግሌ ኡሁ ኡሁ ትልና፣ ትንሽ አርፋ፣ ደግሞ ትወጣ ነበር። ግን ትደርስ ነበር። ጸሐዩ ካረፈም በኋላ ወንድሜ አሳምነው ገበያ ያወጣት ነበር፣ እየሳለች። ይሄ የተባረከ ልጅ መጥቶ አንድ ቀን ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጣትና፣ «ሳሉ የካርቡራተር ነው፤ አየሩና ቤንዚኑ አልተመጣጠኑም፣ እኔ አድናታለሁ» አለ። እውነትም አዳናት። ይኸው ዛሬ ስትስል ሰምተዋል? አንዲት ሳል የላትም።

ለምን ሊያድናት እንደፈለገ ልንገርዎት? ቀለበቱን ባሰረ ሰሞን፣ «ምስራቅን የማወጣት በአባቷ መኪና ነው፤ ካልሆነ አልሰርግም» አለ። አለቀስኩ፣ የኔታ። ልጅ ያለ አባት ላሳደገች እናት እንዲህ ያለ ቃል ቀላል ነው? ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁት። «ካልሆነ» የምትለዋን ግን ያኔ ጆሮዬ አልያዛትም።

ልቡ ንጹሕ ነው፣ ንጹሕ ነገር ይወዳል። ሰቆጣ ውስጥ በሃይላንድ የሚቸረቸረው ቤንዚን ላምባ የገባበት ነው ብሎ ተጸየፈው። ለመስክ ሥራ ወደ ቆላው ኒሯቅ ሲወርድ ከአንድ ሹፌር ጥሩ ቤንዚን አገኘ። ዕቃ አልነበረውምና ከማር ነጋዴዎች ጀሪካን ለመነ። ሰው እኮ ይወደዋል፣ ሰጡት። ሳያጥብ ሞላበትና ያን ሁሉ ጠጠር መንገድ ጭኑ ላይ አቅፎ መጣ። ልጅ እንኳ እንደዚያ አይታቀፍም። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ይባል የለ? ቤንዚን በማር ጀሪካን ሲሰፍሩ ምን እንደሚናገሩ ግን አባቶቻችን ሳይነግሩን አለፉ።

መኪናዋ ያንን ጠጥታ እስከ ዳገቱ ስር ሄደች። እዚያ አንዴ ተንፈቀፈቀችና ዝም አለች። ጎረቤት ገፍቶ አመጣልን። ጎረቤቶቼ ሲገፉ በኽምጣንጋ ያሉትን አልተረጉምልዎትም፤ የካህን ጆሮ ነው።

ከዚያ ሕክምናው ተጀመረ። መጀመሪያ «ካንዴላው ነው» አለ። ፈታው፣ ቦረሸው፣ መለሰው። ቀጥሎ «የሰቆጣ አየር ቀጭን ነው፣ ደጋ ላይ ካርቡራተር ይቸገራል» አለ። ይሆናል እንግዲህ… እሷ ግን እሱ ሳይወለድ ጀምራ ይህንኑ አየር ስትተነፍስ ኖራለች፣ ቀጭን መሆኑን የነገራት አልነበረም መሰለኝ። ቀጥሎ ፖምፓው ተጠረጠረ። ቀጥሎ ቱቦው። መኪናዋ ላይ ስሙን የማያውቀው ዕቃ የለም፤ ያልፈታው የለማ! ሙያ በልብ ነው ይባላል፣ የሱም ልቡ ሞልቷል። ከልብ ወደ እጅ የምታወርደዋ ቀዳዳ ብቻ ናት የተደፈነችበት።

በመጨረሻ ካርቡራተሩን አወረደው። ቤንዚን የሚጠራቀምባት ትንሽ ሳህን አለችው አሉ፤ እሷን ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አስመትቶ ወደ ቢሮው ሄደ። እኔ ገብስ ላሰጣ ስወጣ ምን ባይ ጥሩ ነው? ጉንዳን! ከአጥሩ ሥር ጀምሮ እስከ ቆርቆሮው ተሰልፏል፣ የሚሄደውና የሚመለሰው መንገድ ለይቶ። ጉንዳን ቤንዚን ይጠጣል እንዴ ብዬ ተጠጋሁ። ቤንዚኑ ተንኖ አልቋል፤ ከሥሩ የቀረውን በጣቴ ነካ አድርጌ ቀመስኩ። ማር ነው፣ የኔታ። ያውም ደህና ማር።

ሲመጣ አሳየሁት። አልካደም፣ ይህን አልክድበትም። እንዲያውም አብራርቶ አስረዳኝ። ማሩ ከቤንዚኑ ሥር ይዘቅጣል፤ ሰሙ ግን ከቤንዚኑ ጋር ይሟሟና፣ ቤንዚኑ ሲተን ከቀጭኗ ቀዳዳ ላይ ይረጋል፤ መኪናዋ ያኔ ትታፈናለች አለኝ። ደስ አለኝ። ነገሩ ታወቀ፣ ቀን ይቆረጣል፣ ልጄ ልትወጣ ነው አልኩ። እሱም ተቀምጦ አጠበው። በቀጭን ሽቦ ወጋው፣ በአፉ ነፋው፣ የቅዳሴ ዕቃ አስመስሎ አበራው። መልሶ ገጠመው። ከዚያ ቤንዚን ቀዳ… ከየት የቀዳ ይመስልዎታል?

ከዚያው ጀሪካን።

አንዴ ቢሆን ዘነጋ ይባላል፣ የቢሮ ሐሳብ አለበት። ግን ደገመው። ይፈታል፣ ያጥባል፣ ከዚያው ይቀዳል። ጀሪካኑን በሙቅ ውኃ ላጥብልህ ብዬ ስነሳ፣ «ይተዉት እማማ፣ አይድከሙ» ይለኛል። ሌላ ጀሪካን ከጎረቤት ባመጣለትም አመስግኖ አጥሩ ሥር ያስቀምጠዋል። አዛኝ ነው፣ ለኔ ጉልበት ያዝናል። እርስዎ ሰምና ወርቅ ያስተምሩ የለ? ሰሙንስ ካርቡራተሩ ውስጥ አገኘነው… ወርቁን እርስዎ ይፍቱልኝ እንጂ። ያላወቀ ሰው አለ፣ የማይፈልግም ሰው አለ። ይሄኛው ማወቁን ራሱ አስረድቶኛል።

አይ፣ አልጠረጠርኩም። ምን ብዬ እጠረጥራለሁ? ብቻ ቀን ይቆረጥ ባልኩ ቁጥር ኮፈኑን ያነሳል። ፋሲካ ሲያልፍ አነሳው፣ መስከረም ሲጠባ አነሳው፤ ይኸው ዛሬ እርስዎ ከአጥሩ ብቅ ሲሉ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥዎት ገባበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ይህን ሰው በመቸኮል የሚያማው አይገኝም፤ ሳይቸኩል ነው ያፈሰሰው።

ትዕግሥቱ ያስቀናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል እኔ ተረት ይመስለኝ ነበር። ዶሮዬ ከመኪናዋ የኋላ ወንበር ላይ ጣለች፣ ታቀፈች፣ ፈለፈለች። እንቁላሎቹ በእግራቸው ወርደው ሄዱ፣ አሁን አንዳንዶቹ ራሳቸው ሊጥሉ ደርሰዋል። እሱ ካርቡራተሩን እያጠበ ነው። የጀመረውን ሳይጨርስ እንዳይሞት እጸልይለታለሁ… ረጅም ዕድሜ ነው የምመኝለት።

ምስራቅ? መጀመሪያ ላይ አጠገቡ ቆማ መፍቻ ታቀብለው ነበር። ካቻቢቴውን ከፒንሳው ለይታ አወቀች፣ እጇ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ ትስቅ ነበር። አሁን ውኃ ልትቀዳ ስታልፍ አንገቷን አታዞርም። ያሰፋችውን የሠርግ ቀሚስ ሰሞኑን አጥፋ ከሣጥኑ ሥር ከተተችው፣ ከብርድ ልብሱ በታች። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም። አንጀቴን በላችኝ፣ የኔታ። ይህንን ስናገር አሽሙር የለበትም።

ደግሞ ሳልነግርዎት… እሁድ ዕለት እንግዶች መጥተውብኝ ነበር። ከኒሯቅ። የዋሴን ልጅ ይርዳውን ያውቁታል? ጤና ጣቢያ የሚሠራውን። መኪና የለውም ምስኪን፤ ግማሹን መንገድ በጭነት መኪና፣ ግማሹን በእግሩ ነው የሚመላለሰው። እግር ካርቡራተር የለው፣ ይደርሳል። ሽማግሌዎቹ ልጅሽን ለልጃችን አሉኝ። ልጄ የታጨች ናት አልኳቸው፤ እኔ ቃሌን የምበላ ሰው አይደለሁም። ለማን ነው የታጨችው ቢሉኝ በአገጬ ወደ መኪናዋ አመለከትኩ። ዞረው ጀርባውን አዩት። እርስ በርስ ተያዩና አንደኛው፣ «እኛስ የቀጠራችሁት መካኒክ መስሎን ነበር» አለ።

እንዴት እንዳፈርኩ! ለሱ አፈርኩለት። መካኒክ አይደለም ብዬ ተሟገትኩለት፤ ይህንንስ ወዲያው አመኑኝ።

ለመጪው እሁድ መልስ ሊሰሙ ይመለሳሉ። ምስራቅን ምን ልበላቸው አልኳት። «እንዳልሽ እማዬ» አለችኝ። ባለፈው ጥር እርስዎ ሲመጡ ያንኑ ቃል ስትመልስልኝ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና እየሳቀች ነበር። አሁን ፊቷን አልሸፈነችም። እኔም ለሰዎቹ ጠላ ጠምቄያለሁ፤ የሚቀምሱት ከሱ ነው፣ ይጨምሩ እንጂ።

ኧረ ምን ወደቀ? … መፍቻው ነው። አይዞህ ልጄ፣ አንተን አይደለም። ረጋ ብለህ ሥራህን ሥራ፣ እኛ የራሳችንን ወሬ ነው የምናወራው።

ሊነሱ ነው? ቆይ እንግዲህ፣ ሳንመርቀው አይሂዱ። የለፋ ሰው ምርቃት ይገባዋል። እኔ ልመርቀውና እርስዎ አሜን ይበሉ። እጁ ይባረክ። ድካሙን እግዚአብሔር ይቁጠርለት። መኪናዋንም ለጥር ያስነሳለት፣ እንደ ቃሉ ምስራቅ በአባቷ መኪና ትውጣለት። ያን ቀን ታጥቦ፣ አምሮበት፣ ልጄንና ሙሽራውን ከኋላ አስቀምጦ፣ ክላክስ እየነፋ ኒሯቅ ድረስ በሰላም የሚያደርስልኝ ሹፌር እሱው ራሱ ይሁንልኝ። አሜን ይበሉ እንጂ፣ የኔታ።