ሁለት ሜትሩ ከየት ይለካል?

(ከሰዓት በኋላ፣ በዝናብ፤ ገና ባላለቀ የብሎኬት ቤት ጎን። ግንበኛው ደሳለው መጋዝ ይዞ መሰላል ላይ ወጥቷል፤ የሚስቱ እናት ወይዘሮ የሺሐረግ ከታች መሰላሉን ይዘውለታል።)

የሺሐረግ፦ የጣራውን ጫፍ ቁረጠው እያልኩህ! ምን ትጠብቃለህ? የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪዎቹ ጎረቤት ገብተዋል፤ ሜትር ሲዘረጉ በአጥሩ ቀዳዳ አይቻቸዋለሁ።

ደሳለው፦ እማማ፣ ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉት። አራሷ ልጅዎ ከውስጥ ትሰማናለች።

የሺሐረግ፦ ትስማ። ባሏ ያመጣባትን ጉድ ትስማ።

ደሳለው፦ እኔ ሁለት ሜትር ትቻለሁ። ከጎረቤት ወሰን እስከ ግድግዳው ሁለት ሜትር፤ ንቅንቅ የለውም።

የሺሐረግ፦ እሱ ወንዙ ማዶ፣ የእናንተ ከተማ ነው። እዚህ የሚለኩት ከጣራው ጫፍ ነው።

ደሳለው፦ አንድ ድልድይ ለሚለያቸው ከተሞች ሁለት ዓይነት ደንብ! ማዶ ጣራው ወደ ጎረቤት ግማሽ ሜትር ቢወጣ ቀና ብሎ የሚያይ የለም።

የሺሐረግ፦ እዚህ ያያሉ። ማዘጋጃ ቤት ሄደህ ጠይቅ ብዬህ ነበር። "ስገነባ ነው የኖርኩት" አልከኝ።

ደሳለው፦ ብያለሁ።

የሺሐረግ፦ በመንገዱ በኩልስ? እሱንም በማዶው ነው የሠራኸው?

ደሳለው፦ ማዶ ሦስት ሜትር ነው። እኔ መኪና ቢገባበት ብዬ አምስት ተውኩ። እዚህ ስንት ነው?

የሺሐረግ፦ አራት። ተመስገን! በል ይቺን ግማሽ ሜትር ገላግለኝ። ላይ ሰፈር ቀይ ቀለም የቀቡት ቤት በማግስቱ ነው የፈረሰው። ይሄ ከፈረሰ የምገባበት የለኝም።

ደሳለው፦ እኔ የፈራሁት ግን እነሱን አይደለም።

የሺሐረግ፦ ማንን ነው ታዲያ?

ደሳለው፦ ግድግዳውን። ለአራስ ይድረስ ብለን ብሎኬቱ ሳይጠና፣ ከላይ የሚያስረውን የኮንክሪት ቢም ሳንሞላ ነው ጣራ የጫንንበት። ዝናቡ ደግሞ አራሰው። እንጨቱን ስገዘግዘው ግድግዳው አብሮ ይንቀጠቀጣል። አልጋዋ ደግሞ ከሥሩ ነው።

የሺሐረግ፦ እናውጣታ።

ደሳለው፦ በኦፕራሲዮን ወልዳ፣ ስፌቷ ሳይሽር፣ በዚህ ዝናብ?

የሺሐረግ፦ ወደ ሌላው ክፍል እንውሰዳት።

ደሳለው፦ ጣራ ያለው ይሄ ክፍል ብቻ ነው፣ እማማ። አሮጌውን ቤት እኮ አፍርሰነዋል።

የሺሐረግ፦ አልጋውን ሳብ እናድርገው።

ደሳለው፦ ወዴት? ክፍሉ አልጋውን ነው የሚያህለው።

የሺሐረግ፦ ዝም በል... የግቢውን በር እያንኳኩ ነው። እመቤቴ፣ መጡ።

ደሳለው፦ ልቁረጠው? እርስዎ ቁረጥ ይበሉኝና እቆርጣለሁ።

የሺሐረግ፦ ደሳለው፣ ግንበኛ ነህ፤ እውነቱን ንገረኝ። ግድግዳው ይችላል?

ደሳለው፦ አላውቅም።

የሺሐረግ፦ አላውቅም?

ደሳለው፦ አላውቅም፣ እማማ።

የሺሐረግ፦ ይቅር፣ አትቁረጠው፤ መጋዙን ስጠኝ። ውረድና ክፈትላቸው።