የጋሼ ውሃልክ ጉብታ

ማክሰኞ ጠዋት የፋርማሲዬን መደርደሪያ እየወለወልኩ ነበር። ውጭ ብረት ሲፋቅ ሰማሁ። ቀጥሎ የጋሼ ውሃልክ ድምፅ መጣ። መጮሃቸው አይደለም። እሳቸው ደህና አደርሽ ሲሉም ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል።

ጋሼ ግንበኛ ነበሩ። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ ውሃ ልካቸው ግን አልወጣችም። ያቺ መሃሏ ላይ አረፋ የሚንሳፈፍባት ቱቦ ያላት ቢጫ ዘንግ ከእጃቸው አትለይም። እኔ ጋ ሲገቡ ከሰላምታ በፊት መደርደሪያዬ ላይ ያሳርፏታል።

"ወደ ግራ አዘንብሏል።"

"መድኃኒቱ አይፈስም ጋሼ።"

"ዓይን ያማል።"

ስሙም የወጣላቸው በዚህ ነው።

ፋርማሲዬ ፊት ለፊት መንገዱን አቋርጦ የተጋደመ ጉብታ አለ። የእጃቸው ሥራ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሞተረኛ የልብስ ሰፊዋን ልጅ ገጭቶ እግሯን ሰበራት። ጋሼ ለከተማው የመንገድ ክፍል አመለከቱ። መልሱ ሲመጣ አንብበው አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱትና ሄደው ሲሚንቶ ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከዝናቡ በፊት አንድ ድርብ ይጨምሩበታል። ሰፈሩ "ተራራው" ይለዋል።

ያን ጠዋት አዲሱን ድርብ ውሃ እያጠጡ ሳለ የመንገድ ክፍሉ ፒክአፕ መጥቶ ሊሻገር ሲል ሆዱ ተፋቀ። የሰማሁት እሱን ነው። የመጣው ለጉብታው አልነበረም፣ ወደ ላይኛው መንገድ እያለፈ ነበር። ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰች ወጣት ወረደች። ኢንጂነር ናት። ጎንበስ ብላ የመኪናውን ሆድ አየች፣ ጉብታውን አየች፣ ከዚያ ጀሪካን የያዙትን ሽማግሌ።

"እንደምን አደሩ አባቴ። ይሄን ማን እንደሠራው ያውቃሉ?"

"አሳምሬ። ጥሩ ግንበኛ ነው።"

"የት ላገኘው እችላለሁ?"

"እያየሽው ነው።"

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሜትሯን አወጣች፣ ለካች።

"ሃያ ሁለት ሴንቲ! ይቅርታ ያድርጉልኝና መነሳት አለበት።"

"ምን? መነሳት?" ጀሪካኑን መሬት አስቀመጡት። "ስሚ ልጄ፣ የእናንተ አስፋልት በሁለት ዝናብ ተቦረቦረ። ይሄ ሦስት ዓመት ሙሉ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አላወጣም። የትኛው ነው መነሳት ያለበት?"

"ጥንካሬውንማ ማን ይክዳል። የኛም መኪና መስክሯል።"

"እንኳን መሰከረ! ይፍራው! እንዲፈራው ነው የሠራሁት።" ጣታቸውን ወደ ላይኛው መንገድ ቀሰሩ። "አሁንም የት እንደምትሄዱ አውቃለሁ። እዚያ ደህና መንገድ ላይ ሬንጅ ስታፈሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ደህናውን ታክማላችሁ፣ የታመመውን ትዘላላችሁ። የት አገር ነው እንዲህ ያለ ሐኪም?"

እውነቴን ነው፣ እኔም ይሄን ጥያቄ ስጠይቅ ነው የኖርኩት። ጨርቄን ይዤ በር ላይ ወጣሁ።

"ደህናው ደህና ሆኖ እንዲቆይ እኮ ነው ጋሼ፣" አለች። ስማቸውን ሳትጠይቅ ጋሼ ማለት ጀምራለች። "ስንጥቁ ፀጉር ሳለ በአንድ ጠዋት እንደፍነዋለን። ትተነው ጉድጓድ ሲሆን አንድ ሳምንት ይበላብናል። በዚያ ሳምንት ስንት ሰፈር በደረስን።"

"እኛ ጋ ግን ጠዋቱም አልደረሰን፣ ሳምንቱም አልደረሰን።"

"እሱ እውነት ነው። አመልክተው ያውቃሉ?"

ጋሼ ከደረት ኪሳቸው አንድ እጥፋቱ ሊበጠስ የደረሰ ወረቀት አወጡ። ሦስት ዓመት ይዘውት ዞረዋል ማለት ነው። አነበቡላት። "'በመንገዱ ላይ የሚያሰጋ ፍጥነት አልታየም።' እና ልጅቷ በምን ተሰበረች? በነፋስ?"

ኢንጂነሯ ወረቀቱን ተቀብላ ቁጥሩን አይታ ወደ ቢሮ ደወለች። "የቆጠራው ቀን መቼ ነው? ... እስቲ ድገመው ... እርግጠኛ ነህ?" ስልኩን ዘጋች። ጆሮዋ ቀልቷል።

"ጋሼ፣ መኪና የቆጠርነው ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሳምንት ነው።"

"እ?"

"ልጅም የለ፣ ልጅ የሚያደርስም የለ። መንገዱ ጭር ብሎ ሳለ ቆጥረን ነው ፍጥነት የለም ያልነው። ጥፋቱ የኛ ነው።"

ጋሼ ሦስት ዓመት ሙሉ ለዚህ ቀን ያጠራቀሙት ስድብ ነበር። አፋቸው ላይ ቀረ። የቢሮ ሰው ጥፋቱ የኛ ነው ሲል እኔም ሰምቼ አላውቅም። አንድ ደንበኛ የራስ ምታት ክኒን ይጠይቀኛል፣ ቆይ አልኩት።

"እንግዲያው ጉብታዬ ይኑር፣" አሉ ጋሼ ድምፃቸው ትንሽ ለዝቦ።

"ጉብታ ይኑር። ይሄኛው አይደለም። እስቲ ውሃ ልክዎን ያሳርፉበት።"

ይሄን ጥያቄ ሰው ቢጠይቃቸው ብለው ነው ዕድሜ ልካቸውን የሚዞሩት። አሳረፏት። አረፋዋ መሃል ላይ ሄዳ ቀጥ አለች።

"አየሽ? ከዳር እስከ ዳር እንዲህ ናት። የፈለግሽበት ለኪ።"

"አሁን አስፋልቱ ላይ።"

አሳረፉ። አረፋዋ ሮጠች።

"ዘሟል!" አሉ በደስታ። "ይሄው ሥራችሁ! የዘመመ መንገድ!"

"ሆን ተብሎ ነው የዘመመው። መንገድ መሃሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ብሎ ነው የሚሠራው። ውሃው ወደ ቦዩ እንዲወርድ። እርስዎ ደግሞ ጉብታውን ቀጥ ለማድረግ ሲሉ ቦዩን ጭምር ሞሉት። ጀሪካኑን ላፍስሰው?"

አፈሰሰችው። ውሃው ወርዶ ወርዶ ጉብታው ጋ ሲደርስ ቆመ። ወዲያ አለ፣ ወዲህ አለ፣ መውጫ አጣ። ቀስ ብሎ ጉብታው ሥር ወዳለው ጉድጓድ ገባ። ያ ጉድጓድ በየዓመቱ ይሰፋል። ሁላችንም መኪና ነው የቆፈረው እንል ነበር።

"አስፋልት የሚገድለው ውሃ ነው ጋሼ። ሥሩ ገብቶ አፈሩን ያላላዋል። መኪናው የሚረግጠው ከሞተ በኋላ ነው።"

ጋሼ ጎንበስ ብለው ጉድጓዱን አዩ። አርባ ዓመት ግድግዳ የሠራ ሰው ውሃ መሠረት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አይነገረውም። ግን ደግሞ አርባ ዓመት ግድግዳ የሠራ ሰው በአንድ ጀሪካን አይረታም።

"ቦዩን እከፍትለታለሁ፣" አሉ። "ጉብታዬን ግን አትነኩም። ያቺን ልጅ ከመሬት ያነሳኋት እኔ ነኝ። እግሯ እጄ ላይ ወዲያ ሲዞር ያየሁት እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም።"

ኢንጂነሯ ሜትሯን ጠቅልላ ኪሷ ከተተች።

በዚህ መሃል ታክሲው መጣ።

አራት ሰዓት ማለት ነው። በዚህ ሰዓት ጋሼ ሁልጊዜ በጓሮው መንገድ ዳማ ጨዋታ ላይ ናቸው። ዛሬ ክርክሩ አስቀራቸው። ታክሲው ውስጥ ያሉት ባለቤታቸው፣ የሁላችንም እትዬ ናቸው። ዓምና ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር፤ ማክሰኞና ዓርብ ለእግር እንቅስቃሴ ሕክምና ሐኪም ቤት ይሄዳሉ። ሐኪሙ ካቋረጡ ያለ ዱላ አይሄዱም ብሏል። ሰሞኑን መቅረት ጀምረዋል። ጋሼ "ሰነፈች" ይላሉ፤ ስንፍና እንዳልሆነ ግን ቅባት የምሸጥላቸው እኔ አውቃለሁ። እንዳልናገር አፌን አስዘግተውኛል።

ታክሲው ከጉብታው አሥር እርምጃ ቀድሞ ቆመ። በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ ዱላው ወጣ፣ ከዚያ አንድ እግር፣ ከዚያ እትዬ። ታክሲው ባዶውን እየተፋቀ ተሻግሮ ወዲያ ማዶ ጠበቀ። እትዬ ዱላቸውን እየተከሉ ጉብታው ላይ ወጡ። አናቱ ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ። ባላቸውን አዩ። እዚያው ደርቀው ቀሩ።

"አንቺ፣ ምን ሆነሽ ወረድሽ?"

"እግሬን ላፍታታ ብዬ።"

"አሁን ከቤት መውጣትሽ አይደል እንዴ? ምኑን ነው የምታፍታቺው?"

ባለታክሲው አንገቱን በመስኮት አወጣ። "ጋሼ፣ እኔስ ስንት ቀን ልደብቅ። ሁልጊዜ እዚህ ጋ ይወርዳሉ። ሲዘል ዳሌያቸውን ያቃጥላቸዋል።"

"አንተ አፍህን ዝጋ!" አሉ እትዬ።

"ከመቼ ጀምሮ?" አሉ ጋሼ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከእኔ በር አላለፈም።

"ከወደቅኩ ጀምሮ ነዋ።"

"ዓመት ሊሞላ ነው እኮ! ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ምን ብዬ ልንገርህ? ድርብ ጨምረህበት ወደ ቤት ስትገባ ፊትህን አላየኸውም። እንደ ሙሽራ ነው የምትሆነው። አሥር እርምጃ ብራመድ ምን እሆናለሁ ብዬ ነው።"

"ባለፈው ሳምንት የቀረሽውስ?"

"ዘንቦ ነበር። ውሃው እዚህ ድረስ ቆሟል። በዋና ልሻገር?"

ጋሼ ወደ ጉብታው ሄደው እጃቸውን ዘረጉላቸው። አወረዷቸው። ታክሲው ድረስ ወሰዷቸው፣ ዱላቸውን አቀበሏቸው፣ በሩን ዘጉ። ሲመለሱ ኢንጂነሯን አላዩዋትም፣ ጉብታውን ነው ያዩት።

"መዶሻ ይዛችኋል?"

"አለ መኪናው ላይ። ግን ሠራተኞቹ..."

"ማንም አይነካውም። እኔው ነኝ የማፈርሰው።"

"ያፈርሱታል ጋሼ። ዛሬ ግን አይደለም፣" አለች። ይሄን ጊዜ ነው ይቺን ልጅ የወደድኳት። "ዛሬ ካፈረሱት ነገ ሞተረኞቹ ይበሩበታል። ዛሬ ቦዩን ብቻ እንክፈት። ነገ ትምህርት ቤት ክፍት ነው፣ እንደገና እንቆጥራለን። የአዲሱ ጉብታ ዕቃ ሲቀርብ ያን ቀን ያፈርሱታል።"

በማግስቱ ቆጣሪው ወንበሩን ይዞ ሲመጣ ጋሼ ቀድመውት ተቀምጠዋል። ሙሉ ቀን አብረው ቆጠሩ፣ ሙሉ ቀን ተጣሉ። ባዶ ጋሪ ይቆጠራል አይቆጠርም ነው ጠቡ። ከጉብታው ወዲያና ወዲህ ሰላሳ ሁለት ሞተረኛ ከልኩ በላይ ሲነዳ ተመዘገበ። ያቺ የታጠፈች ወረቀት 'ጉብታ ያስፈልጋል' በሚል ሌላ ወረቀት ተተካች።

በሳምንቱ ሠራተኞቹ መጡ። ጋሼ ተራራውን አፈረሱ፤ እልኸኛ ነበር፣ እስከ ምሳ ሰዓት ታገላቸው። ጉድጓዱን ሠራተኞቹ ዳሩን በመጋዝ አራት ማዕዘን ቆረጡት፣ የላላውን አፈር እስከ ጠንካራው ድረስ አወጡ፣ ጠጠር በድርብ በድርብ እየጠቀጠቁ ሞሉ፣ ከላይ አስፋልት፣ ጠርዙን በሬንጅ ደፈኑ። ጋሼ ጉድጓድ ላይ አፈር መድፋት ብቻ ይመስላቸው ነበርና አፋቸውን ከፍተው አዩ። ከዚያ አዲሱ ጉብታ። ቁመቱ ስምንት ሴንቲ ነው፣ ጀርባው ግን አራት ሜትር ተዘርግቶ ይወርዳል። ዳርና ዳሩ ላይ ለውሃ ክፍት ነው። ነጭ መስመር ተቀባ፣ ከሩቅ የሚታይ ምልክት ተተከለ።

ጋሼ ውሃ ልካቸውን አስፋልቱ ላይ አሳረፉ። አረፋዋ ሮጠች።

"ዘሟል፣" አሉ። ከዚያ ኢንጂነሯን አይተው ፈገግ አሉ። "እንደሚገባው ዘሟል።"

አሁን ዳማው ላይ የሚሰብኩት እሳቸው ናቸው። ቦይ ውስጥ ቆሻሻ የጣለ ካዩ አይለቁትም። "ስንጥቅ ፀጉር ሳለ ደውሉ፤ ስትደውሉ የመብራት ምሰሶውን ቁጥር ንገሯቸው፣ የት ነው እያሉ አይዞሩም፤ እምቢ ካሉ ደግማችሁ ደውሉ፤ በራሳችሁ ሲሚንቶ ግን አታፍስሱ፣ እኔን እዩ" ይላሉ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ በነጩ መስመር ላይ ትሻገራለች፣ ሞተረኞቹም ያቀዘቅዛሉ። ከባድ ዝናብ ዘንቦ አባራ፣ መንገዱ በግማሽ ሰዓት ደረቀ። ዓምና በዚህ ወር ደጄ ላይ እንቁራሪት ነበረች።

ዓርብ አራት ሰዓት ታክሲው መጣ። ጋሼ ዳማቸውን ትተው ጠርዙ ላይ ቆመዋል። ባለታክሲው በልማዱ ከጉብታው አሥር እርምጃ ቀድሞ ቆመ።

"ምን ቆምክ?" አሉ እትዬ ከውስጥ። "ንዳ እንጂ!"

ነዳ። መኪናው ቀስ ብሎ ወጣ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። ከመስኮቱ ዱላው ብቻ ወጥቶ ለጋሼ ሁለቴ ተወዛወዘ።

ጋሼ መንገዱን ሲያዩ ቆይተው ወደ እኔ ገቡ። ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረግ አደረጉ፣ አቧራ ነው አሉ። ውሃ ልካቸውን መደርደሪያዬ ላይ አሳረፉ።

"ወደ ግራ አዘንብሏል።"

"ውሃ እንዲወርድ ነው ጋሼ።"

ሳቃቸው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ።