የጫኖው ችካል

ከአርባ ምንጭ ወደ ጫኖ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት አንድ አዛውንት የሙዝ ገበሬና መሬት የሚለካ ወጣት ነበሩ። ገበሬው ብስጭት ብለዋል።

«አምና የድንበሩን ችካል የተከላችሁት እናንተ፣ ዛሬ የምትነቅሉትም እናንተ?»

«አባባ፣ የአምናው መሣሪያ የአሜሪካን ሳተላይት ብቻ ነበር የሚቀበለው። የሙዝ ቅጠል ሲከልለው ይስታል። አዲሱ የሩሲያውንም፣ የቻይናውንም፣ የአውሮፓውንም አንድ ላይ ይቀበላል፤ ከተማ ያቆምነው ጣቢያ ደግሞ ያርመዋል።»

«ለእኔ ሙዝ ይህ ሁሉ መንግሥት?»

«ስህተቱ እኮ ሁለት ሜትር ነው!»

«ልጄ፣ ከጎረቤቴ ጋር በዚሁ ድንበር ስንት ዘመን ተኳርፈን፣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው እዚያች ችካል ላይ አስታረቁን። ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ይደሰቱ እንጂ! ሁለቱ ሜትር የሚጨመረው ለእርስዎ ነው።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ! ከእኔ ብትቀንስ ዝም እል ነበር። አሁን በምን ፊቴ ደጁን እረግጣለሁ?»

«እና የተሳሳተውን ልመዝግብ?»

«የታረቅንበትን መዝግብ!»

«ሳተላይት እርቅ አያውቅም፣ አባባ።»

«አንተስ?»

ወጣቱ መሣሪያውን ጠበቅ አድርጎ አቀፈ።

ሁለቱ ጫኖ ላይ ሲወርዱ፣ ለማንኛቸው እንደምጸልይ ሳልወስን አማተብኩ።