በረዶ የማያርፍበት ጣሪያ

ነይ ማርሊስ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ፤ ማሞቂያው በዚህ በኩል ነው። ከተማችን ዱሉዝ ዘንድሮ በብርድ ጨከነችብን እኮ! የሩዝ ገንፎውን ቀመስሽው? ዛሬስ አልጓጎለም፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ተሻሽለዋል…

ልጅሽ ኬንት ቤት ሊገዛ ነው አሉ። ነገ ነው የሚፈርመው? እሰይ! ደግሞ እዚሁ እኛ ሰፈር፣ ያንን አሮጌ ቤት አድሶ ከሚሸጠው ሰውዬ… ስሙ ምን ያደርግልሻል፣ ሥራውን ልንገርሽ እንጂ። ኧረ ዞረሽ አትዪ፣ ከኋላችን ተቀምጧል፤ ገንፎውን ይብላ!

እጀ ወርቅ እኮ ነው! በመስከረም ገዝቶ በጥር ጨረሰ። ከመስኮቴ ሆኜ ጣሪያውን ሳየው እቀናለሁ። የኛ ጣሪያ እስከ ሚያዝያ በረዶውን ተሸክሞ ይከርማል፤ የሱ ግን በጣለ ማግስት ጥርግ! በረዶ እንኳ አፍሮት አያርፍበትም። ምድጃው ቀን ከሌት ይነድዳል፣ ሳሎኑ ይበርዳል፤ ሙቀቱ ታዲያ የት ይሄዳል? ለሰማይ ነዋ! እንዲህ ያለ ለጋስ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኛ ስስታሞቹ ኮርኒሱ ላይ የብርድ መከላከያ ጥጥ ጎዝጉዘን ሙቀታችንን ለራሳችን እንደብቃለን።

ከጣሪያው ጠርዝ የተንጠለጠለውን የበረዶ ዘንግማ ለማስታወቂያው ፎቶ አነሳው። «የክረምት ጌጥ» ብሎ! አባቴ ቢያየው መሰላል ይዞ ሊሰብረው ይሮጥ ነበር… የድሮ ሰው ስለ ጌጥ ምን ያውቃል? ጠርዙ ላይ የረጋው በረዶ የቀለጠውን ውሃ አግዶ ወደ ውስጥ ሲመልሰው ግድግዳው ላይ የሣለውን ቡናማ ሥዕል ግን ሰውዬው በነጭ ቀለም ሸፈነው። ትሑት ነው፣ ጌጥ አያበዛም።

ጥንቃቄውስ! ወደ ኮርኒሱ የምታስወጣዋን ክዳን ዙሪያዋን በቀለም አሽጓታል። አቧራ እንዳይወርድ ብሎ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ኬንት በቢላ ጫር ጫር አድርጎ ከፍቷት ላዩ ላይ የተጎዘጎዘ ነገር ቢፈልግ ግን… አይ፣ ይቅር። ሰው በፈገግታ እየሸጠለት ባትሪ ይዞ ኮርኒስ ላይ መንጠልጠል ነውር ነው። ባትሪ ከሌለው ደግሞ እኔ ጋ አለ… ሳይፈርም በፊት መጥቶ ይውሰድ።

ምነው፣ ከኋላችን ማንኪያ ወደቀ? ገንፎው ቀዘቀዘበት መሰል።

ብቻ እንመርቀው ማርሊስ፤ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አሜን በይ! የለፋበትን ቤት ሌላ አይውረስበት። ደጁን ገዢ አይርገጥበት። ከነሚስቱ፣ ከነአማቱ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር እዚያው ይክረምበት። በገዛ እጁ የሠራው ቤት… እሱኑ ያሙቀው!